በአንድ ቀን ሁለት ሐዘን፦ ጎጌቲ፣ የካቲት 12 እና በቡታጅራ አካባቢ የጦርነት ትዝታ አጠናን

መግቢያ

ዓርብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የታሪክ መዘክር ውስጥ የአዲስ አበባ ቀን ነው። በዚያ ዕለት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ለሦስት ቀናት የቀጠለው የበቀል ጭፍጨፋም የዋና ከተማይቱን ነዋሪዎች ፈጀ። የሟቾቹን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ያደረሰው ሲሆን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጣው የኢያን ካምቤል ጥናት ወደ 19 ሺህ ገደማ ይገምተዋል። ስድስት ኪሎ የቆመው ሐውልት፣ በስሙ የተጠሩት ተቋማትና በየዓመቱ የሚፈጸመው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ቀኑን በአገር አቀፍ ደረጃ አጽንተውታል።

በዚያው ዕለት ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በጉራጌ አገር፣ ሌላ ድርጊት ፍጻሜውን እያገኘ ነበር። የካቲት 11 ቀን በጎጌቲ የተጀመረው ውጊያ በማግስቱ በኢትዮጵያውያኑ ሽንፈት ተደመደመ። ውጊያው በራስ ደስታ ዳምጠው፣ በደጃዝማች በየነ መርዕድና በደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ የሚመራው የሲዳሞና የባሌ ጦር ቅሪት የመጨረሻ ግጥሚያ ሲሆን፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. የተከፈተው መደበኛ ጦርነት መዝጊያ ተደርጎም ይቆጠራል። አምስት ቀናት ቆይቶ፣ የካቲት 17 ቀን፣ ራስ ደስታ በቡታጅራ አቅራቢያ ተገደሉ።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሁለት ከባድ ሐዘኖች በአንድ ቀን ሲገጣጠሙና አንዱ አገራዊ መታሰቢያ ሲሆን፣ የሌላው የአካባቢ ትዝታ በምን መንገድ ሊጠና ይችላል? ጽሑፉ በመጀመሪያ የድርጊቱን መስመር ያስቀምጣል። ከዚያም የቀን አቆጣጠርን፣ የአውሮፕላንን ትዝታ፣ የስም አጠባበቅንና የአጥኚውን ኃላፊነት በየተራ ይመረምራል።

ከገናሌ እስከ ጎጌቲ

ራስ ደስታ የመስቃን ተወላጅ ናቸው። አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ሩሲያ የተላከውን መልእክተኛ ቡድን የመሩና በዓድዋ ጦርነት የወደቁ ሰው ነበሩ። ራስ ደስታ ልዕልት ተናኘወርቅን አግብተው የንጉሠ ነገሥቱ አማች ሆኑ፤ በ1925 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ንጉሠ ነገሥቱን ወክለው አሜሪካን ጎበኙ፤ ጦርነቱ ሲጀመርም የሲዳሞ ገዥ ነበሩ።

በጥር 1928 ዓ.ም. ጦራቸው በገናሌ ዶርያ በግራዚያኒ ሠራዊት ተሸነፈ። ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ከሄዱና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ወደ ግዛቷ መቀላቀሏን ካወጀች በኋላም ቢሆን ራስ ደስታ እጃቸውን አልሰጡም። የሲዳሞ መቀመጫ የነበረችው ይርጋለም ኅዳር 22 ቀን 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ስትወድቅ፣ የቀረውን ሠራዊት ይዘው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አቅጣጫ ተንቀሳቀሱ። በሐይቆቹ አካባቢ ክበቡ እየጠበበ መጥቶ ጦሩ ወደ ጉራጌ ምድር ዘለቀ፤ በጎጌቲም ተያዘ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በውጊያው ወደቁ፤ ደጃዝማች በየነ ተማርከው ተገደሉ። ራስ ደስታ ቆስለው ከክበቡ ቢያመልጡም በኢጣሊያ አገልግሎት በተሰለፉ ባንዶች ተይዘው በትውልድ አገራቸው በጥይት ተደበደቡ።

ምርኮኞቹ የተገደሉት በአንድ የጦር መኮንን ቁጣ ወይም ስሜት ብቻ አልነበረም። ሙሶሊኒ በሰኔ 1936 እ.ኤ.አ. ለግራዚያኒ ባስተላለፋቸው ትእዛዞች የተማረኩ «ዓመፀኞች» በሙሉ እንዲገደሉና የመርዝ ጋዝ ጥቅም ላይ እንዲውል ፈቅዶ ነበር። ኢጣሊያ አገሪቱን ግዛቴ ብላ ስላወጀች፣ የሚዋጓት ሁሉ በእርሷ ሕግ የጦር ምርኮኛ ተብለው የሚጠበቁ ወታደሮች አልነበሩም። በቡታጅራ አቅራቢያ የተፈጸመው ግድያ የዚህ ፖሊሲ ውጤት ነው። አንድ የአካባቢ ትዝታ ስለ «ክህደት» ወይም ስለ «ዕድል» ብቻ ሲናገር፣ ይህን የመንግሥት ውሳኔ ከጎኑ ማስቀመጥ የአጥኚው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ቀኑ በምን ይታወሳል?

ኢጣሊያዊው የቃል ታሪክ ተመራማሪ አሌሳንድሮ ፖርቴሊ ስለ ሉዊጂ ትራስቱሊ ያቀረበው ጥናት ለዚህ ርዕስ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። ትራስቱሊ በቴርኒ ከተማ የአረብ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ሲሆን፣ በ1949 እ.ኤ.አ. በተቃውሞ ሰልፍ ላይ በፖሊስ ተገደለ። ከዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ ተራኪዎች ሞቱን በ1953 እ.ኤ.አ. ከደረሰው የጅምላ የሠራተኛ ቅነሳ ጋር አያይዘው አስታወሱት። ፖርቴሊ ይህን ስሕተት አርሞ ብቻ አላለፈውም፤ ቀኑ የተዛወረው ሞቱ ለማኅበረሰቡ ይበልጥ ትርጉም ወደሚሰጥበት ቦታ እንደሆነ አሳየ። የቃል ምንጭ የሚመሰክረው ስለ ድርጊቱ ብቻ ሳይሆን ድርጊቱ ለሰዎች ስላለው ትርጉም ጭምር ነው።

በጎጌቲ ጉዳይ ተመሳሳይ የቀን መዛወር የሚጠበቅበት ግልጽ ምክንያት አለ። «የካቲት 12» የሚለው ስም በትምህርት ቤት፣ በራዲዮና በአደባባይ ለአዲስ አበባው ጭፍጨፋ ተሰጥቷል። ስለዚህ አንድ የቡታጅራ አካባቢ ነዋሪ «ራስ ደስታ የሞቱት በየካቲት 12 ነው» ቢል፣ ከአምስት ቀን ስሕተት በስተጀርባ የአካባቢውን ሐዘን ወደ አገራዊው መታሰቢያ የማስጠጋት ፍላጎት ሊኖር ይችላል። በአንጻሩ «በግራዚያኒ ቦምብ ምክንያት ነው የገደሏቸው» የሚል ትረካ ቢገጥም፣ የጊዜ ቅደም ተከተሉ ጥንቃቄን ይጠይቃል። የጎጌቲ ውጊያ የተጀመረው ቦምቡ ከመወርወሩ በፊት ነውና። የራስ ደስታ ግድያ ግን ከቦምቡ በኋላ የተፈጸመ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ የነበረው የበቀል ድባብ ያለ ተጽዕኖ ቀርቷል ብሎ መደምደምም አይቻልም።

በቃለ መጠይቅ ወቅት «በየትኛው ቀን?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስገኝም። ከዚያ ይልቅ በወቅቱ ሰዎች ጊዜን የለኩበትን መለኪያ መፈለግ ይሻላል። የቀናቱ ስሌት ራሱ እዚህ ላይ ጥሩ መነሻ ይሰጣል። የካቲት 12 በየወሩ የሚውለው የቅዱስ ሚካኤል ዕለት ነው። በ1929 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ስለዋለ፣ ጾመ ነነዌ ከየካቲት 15 እስከ 17 ነበር፤ ስለዚህ ራስ ደስታ የተገደሉት ረቡዕ፣ የጾሙ ሦስተኛና የመጨረሻ ቀን ነው። በእስልምና አቆጣጠር ደግሞ የ1355 ዓመተ ሂጅራ ዒድ አል-አድሃ በየካቲት 14 ቀን ገደማ፣ ማለትም በጎጌቲ ውጊያ ማብቂያና በራስ ደስታ ሞት መካከል፣ ይውላል።

ይህ ዝርዝር ለቡታጅራ አካባቢ ልዩ ክብደት አለው። አካባቢው ሙስሊሞችና ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ጎን ለጎን የሚኖሩበት ነው፤ ዓረፋ ለጉራጌ ሙስሊሞች፣ መስቀልም ለክርስቲያኖቹ፣ ከየሥራ ቦታ ወደ አገር ቤት የሚገባበት ታላቅ ወቅት ነው። በአንድ ቤተሰብ «በዓረፋ ሰሞን» ተብሎ የቆየ፣ በጎረቤቱ ደግሞ «በነነዌ ጾም» ተብሎ የሚነገር ትዝታ ቢገኝ፣ ሁለቱ የተለያዩ ድርጊቶች ሳይሆኑ የአንድ ሳምንት ሁለት መያዣዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የየካቲት 12ን ቀን ብቻ ይዞ የሚጠይቅ አጥኚ ግን ሁለቱንም ሳያያቸው ያልፋል።

ከሰማይ የመጣ ጦርነት

በጎጌቲ የተሰለፈው ጦር ከአንድ ዓመት በላይ በአውሮፕላን ሲሳደድ የቆየ ነው። የዚህ ሳደት አንዱ ምዕራፍ ከአንድ የወደቀ የጦር አውሮፕላን ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ስለ ትዝታ አጠባበቅ የሚናገረው ብዙ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ኢጣሊያዊው አብራሪ ቲቶ ሚኒቲ ከባልደረባው ጋር በደገሃቡር አካባቢ ለማረፍ ተገደደ፤ ሁለቱም ሞቱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከራስ ደስታ ጦር ጋር በመልካ ዲዳ የሚሠራውን የስዊድን ቀይ መስቀል የጦር ሜዳ ሆስፒታል ደበደቡ። ኢጣሊያ ድብደባውን ለአብራሪው ሞት የተሰጠ የአጸፋ እርምጃ አድርጋ አቀረበችው። የተገደሉት አብዛኞቹ ተኝተው የሚታከሙ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች ነበሩ።

ሌላው ምሳሌ የወለጋው ቦናያ ነው። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ጄኔራል ቪንቼንዞ ማልዮኮንና ታዋቂውን አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊን ይዘው በነቀምቴ አቅራቢያ አረፉ። ሰኔ 20 ለሊት ላይ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ያሉበት ኃይል አጠቃቸው፤ አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ከተጓዦቹ በሕይወት የተረፈው አንድ ቄስ ብቻ ነበር። የጥቁር አንበሳ ድርጅት ስም ከዚህ ድርጊት ጋር ተሳስሮ ይነገራል።

የእነዚህ ሰዎች ስም ዛሬ የት ነው? በባሕር ዳርቻ ላይ የምትገኘው የሬጆ ካላብሪያ ከተማ የአውሮፕላን ማረፊያ በቲቶ ሚኒቲ ስም ይጠራል። በሲሲሊ የሚገኘው የኮሚዞ አውሮፕላን ማረፊያ ለረጅም ጊዜ የማልዮኮን ስም ይዞ ቆይቶ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. በማፊያ በተገደለው ፖለቲከኛ በፒዮ ላ ቶሬ ስም ተተካ፤ በዓመቱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. እንደገና ለላ ቶሬ ተሰጠ። ለግራዚያኒ ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. በአፊሌ መታሰቢያ ተሠርቶለታል። የወደቀ አብራሪ ስም በየቀኑ በመንገደኞች ትኬት ላይ ሲነበብ፣ ከአውሮፕላኑ በታች የነበሩት ቁስለኞች ስም ግን በሕዝብ ዘንድ አይታወቅም። የትዝታ ጥናት የሚጠይቀው ይህን ሚዛን ነው።

ሚዛኑ በተለየ መንገድ ሊያዝ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌም አለ። ነሐሴ 23 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ላንካሸር በምትገኘው ፍሬክልተን መንደር አንድ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በማዕበል ውስጥ ወድቆ 61 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም 38ቱ የትምህርት ቤት ሕፃናት ነበሩ። መንደሯ ሟቾቿን በስም ታውቃቸዋለች፤ የጋራ መቃብርና መታሰቢያ አላቸው፤ የአሜሪካ ወታደሮችም ለሕፃናቱ መታሰቢያ የመጫወቻ ሜዳ ሠሩ። በፍሬክልተን ትዝታውን ያቆየው የአደጋው ግዝፈት ብቻ አይደለም። የስም ዝርዝር፣ የታወቀ መቃብርና ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ነበሩት። አንድ ትዝታ ከምስክሮቹ ዕድሜ በላይ እንዲዘልቅ እነዚህ ሦስቱ ያስፈልጉታል ማለት ይቻላል።

ስም ያላቸውና ስም የሌላቸው

በዚህ መመዘኛ ሲታይ የጎጌቲ ትዝታ ለሁለት የተከፈለ ነው። አዛዦቹ በአዲስ አበባ ስም አላቸው። ራስ ደስታ ዳምጠው መታሰቢያ ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል፤ ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተምረው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ሊሴ ገብረ ማርያም የደጃዝማች ገብረ ማርያም መታሰቢያ ነው። የደጃዝማች በየነ መርዕድ ባለቤት ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ኢጣሊያ ተግዘው በዚያው በ1940 እ.ኤ.አ. ማረፋቸው የንጉሣዊው ቤተሰብ ታሪክ አካል ሆኗል። በዚሁ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ በጉራጌ አገር የሞቱት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም በሆስፒታል ስም ይታወሳሉ።

ሆስፒታሎቹና ትምህርት ቤቱ ግን ከድርጊቱ ቦታ ርቀው ያሉ ናቸው። በሊሴ ገብረ ማርያም በር በየቀኑ የሚያልፍ ተማሪ ስሙን ከጎጌቲ ጋር ላያያይዘው ይችላል። ተራው ወታደር፣ ስንቅ ተሸካሚዋ ሴት፣ ጦሩ ባለፈበት መንደር እህሉ የተወሰደበት ወይም ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ደግሞ በዚህ የስም ሥርዓት ውስጥ ቦታ የላቸውም። የአካባቢ ትዝታ ጥናት ዋነኛ ፋይዳም እዚህ ላይ ነው፤ አገራዊው መዘክር የአዛዦቹን ስም ሲይዝ፣ መንደሩ ሊይዝ የሚችለው የእነዚህን ሰዎች ነው።

ሞሪስ አልብቫክስ እንዳስተማረው ትዝታ የሚጸናው በማኅበራዊ ማዕቀፍ ውስጥ ነው። በጉራጌ አገር ይህ ማዕቀፍ ቤተሰብ፣ የእምነት ቦታና የአገር ሽማግሌ ሸንጎ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም የማዕቀፉ ክፍል ናት። ከጦርነቱ በኋላ እጅግ ብዙ የጉራጌ ተወላጆች በመርካቶና በሌሎች ሰፈሮች ኑሯቸውን መሥርተዋል። ስለዚህ የጎጌቲን ትዝታ በቡታጅራ ዙሪያ ብቻ የሚፈልግ ጥናት ከፊሉን ተራኪ አዲስ አበባ ትቶት ይቀራል። በመስቀልና በዓረፋ ቤተሰብ ሲሰባሰብ የሚነገረውን መከታተል ከአንድ ለአንድ ቃለ መጠይቅ የተለየ መረጃ ሊያስገኝ ይችላል። በ1929 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ በመሆኑ፣ አጥኚው የሚያገኘው በአብዛኛው «አባቴ እንዳለው» የሚል የሁለተኛና የሦስተኛ ትውልድ ቃል ነው። ይህ ቃል ዋጋው አያንስም፤ መመዘን ያለበት ግን የዓይን ምስክር ቃል ሆኖ ሳይሆን የተላለፈ ትዝታ ሆኖ ነው።

«ማን አሳልፎ ሰጣቸው?»

የራስ ደስታ ታሪክ በትውልድ አገራቸው ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይተዋል። ቆስለው ወደ ወገናቸው የተጠጉ ሰው በወገናቸው ምድር ተያዙ። በእንዲህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ «ማን ጠቆመ? ማን ደበቀ?» የሚለው ጥያቄ አይቀሬ ነው፤ መልሱም በትረካ ውስጥ የአንድን ቤት፣ የአንድን ጎሣ ወይም የአንድን እምነት ተከታዮች ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ የአጥኚው ኃላፊነት ከመመዝገብ ያልፋል። «የባንዳ ልጅ» የሚል ስም በገጠር ማኅበረሰብ ውስጥ ጋብቻን የሚያፈርስ፣ በመሬት ክርክርም ላይ የሚነሣ ክስ ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ወሬ በጥናት ጽሑፍ ላይ ከሰፈረ በኋላ የማስረጃ መልክ ይይዛል። ስለዚህ ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው፣ በተነጻጻሪ ምንጭ ያልተረጋገጠ የጥቆማ ክስ የቤተሰብ ስም ሳይጠቀስ በትረካ ዓይነትነቱ ብቻ እንዲተነተን ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ክሱን ከዘመኑ ሁኔታ ጋር ማገናዘብ ነው፤ ሽፍታን የደበቀ መንደር በሚቃጠልበት ጊዜ ዝምታም ንግግርም በነጻ ፈቃድ ብቻ የሚመረጥ አልነበረም። ሦስተኛው፣ የመደበቅንና የመርዳትን ትረካ በእኩል ትጋት መፈለግ ነው። ክህደት የሚተረክ ድራማ ስላለው ይቆያል፤ ለቁስለኛ የቀረበ ውኃ ግን በጥያቄ ካልተፈለገ ይረሳል።

ከዚህም ሌላ፣ በአካባቢው የራስ ደስታ ትዝታ የአርበኛ ትዝታ ብቻ ላይሆን ይችላል። ራሱ የመስቃን ልጅ ቢሆኑም፣ ከምኒልክ ዘመን በኋላ የተዘረጋው የአገረ ገዥነትና የመሬት ሥርዓት ባለሥልጣን ቤተሰብ አባል ነበሩ። በአንድ ተራኪ አንደበት «የእኛ ሰው» እና «የመንግሥት ሰው» የሚሉት ሁለት ገጽታዎች ቢፈራረቁ፣ አጥኚው አንዱን መርጦ ሌላውን መሰረዝ አይገባውም።

ወልቂጤ፦ በሌላ መንገድ የመጣ ጦርነት

ቡታጅራን ከወልቂጤ ጋር ማነጻጸር «የጉራጌ ትዝታ» የሚባል አንድ ወጥ ነገር እንደሌለ ያሳያል። ወልቂጤ የምትገኘው ከአዲስ አበባ በወሊሶ አልፎ ጊቤን ተሻግሮ ወደ ጅማ በሚያመራው መንገድ ላይ ነው። በዚህ አቅጣጫ የአርበኝነቱ ዋነኛ ስም ገረሱ ዱኪ ሲሆኑ፣ እንቅስቃሴያቸው እስከ ነጻነት ዘልቋል። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ከወልቂጤ ማዶ፣ በጊቤ ወንዝ ተሻጋሪ በሆነችው አበልቲ፣ የእንግሊዝ ጦር አካል የነበሩ የናይጄሪያ ወታደሮች ግንቦት መጨረሻ ላይ ወንዙን ተሻግረው የኢጣሊያን መከላከያ ሰበሩ።

ስለዚህ በምሥራቁ ወገን ጦርነቱ የሽንፈትና የሞት መጨረሻ ሲሆን፣ በምዕራቡ ወገን የአርበኞች ጽናትና የነጻነት መምጣት ነው። በምዕራቡ የምዕራብ አፍሪካ ተወላጅ የሆነ ጥቁር ወታደር ነጻ አውጪ ሆኖ ታይቷል፤ በምሥራቁ ደግሞ ገዳዮቹ ኢትዮጵያውያንን በስሩ ባሰለፈ ጦር ውስጥ መጥተዋል። ሁለቱን ከተሞች በአንድ መጠይቅ ማጥናት ይህን ልዩነት ያደበዝዘዋል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንተና ወደ ሦስት የሥራ ሐሳቦች ያመራል። አንደኛ፣ በቡታጅራ አካባቢ የሚካሄድ የቃል ታሪክ ጥናት ከየካቲት 11 እስከ 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ያለውን ሳምንት በበዓላትና በጾም መለኪያዎች፣ ማለትም በሚካኤል፣ በዓረፋና በነነዌ፣ ቢጠይቅ ከቀን ቁጥር ይልቅ የተሻለ መልስ ያገኛል። ሁለተኛ፣ ቅድሚያ መስጠት የሚገባው የአዛዦቹን ታሪክ ለመድገም ሳይሆን የወደቁትን ተራ ሰዎች ስምና የተቀበሩበትን ቦታ ለማሰባሰብ ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ የተላለፈውን ቃል የያዘው ትውልድ ሳያልፍ መጀመር አለበት። ሦስተኛ፣ የክህደት ትረካዎች በቤተሰብ ስም ሳይሆን በዘመኑ የኃይል ሁኔታ ውስጥ መተንተን ይኖርባቸዋል።

የካቲት 12 የአዲስ አበባ ሰማዕታት ቀን መሆኑ የሚነካ አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ዓርብ በስድስት ኪሎ ብቻ አልመሸም፤ በጎጌቲ ሜዳም መሽቷል። በዚያ ምሽት ከሜዳው ያልተመለሱት ሰዎች በመታሰቢያው ቀን ለመጠራት መጀመሪያ ስማቸው መገኘት አለበት።